የሃርድቶፕ መንኳኳት በግምት አይጠገንም፦ ስለ «ሰባቱ መፍትሔዎች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሾፌሮች የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ መንኳኳት ነው። ጸሐፊው ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ሲንኳኳ ይበጃሉ ያሏቸውን ሰባት መፍትሔዎች ዘርዝረዋል። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያለውን ዕቃ አስተካክሉ። ካልጠፋ አራቱንም ሾክ አብዞርበር (የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን) ቀይሩ። ድምፁ ከፊት ከሆነ ቦል ጆይንት (የፊት እግሩን የሚይዘውን ክብ መገጣጠሚያ) አስቀይሩ። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መከላከያ ላሜራ ከሆነ ነቅላችሁ ጣሉት። ባሌስትራውን (መኪናውን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፤ ስታፋው (ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የሚያስረው ብረት) ከላላ በብየዳ አስይዙት። ሞተሩ ከሆነ ወፍራም ዘይት አድርጉበት። ሰባተኛው ደግሞ «ድምፁ ከጠፋ ሥራው አለቀ» የሚል ነው።

ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ ያስታውቃል። አጻጻፉም ግልጽ ነው፤ ሰው የተቀባበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ከሰባቱ አንዱ ብቻ ነው ትክክል። ሁለቱ ገንዘብ ያስጨርሳሉ። የቀሩት መኪናውን ይጎዳሉ፣ ሰውም ሊጎዱ ይችላሉ። ሃርድቶፕ የሽርሽር መኪና አይደለም። በየወረዳው አምቡላንስ ነው። ክትባት ያደርሳል፣ ምጥ የያዛትን እናት ጭኖ በሌሊት ዳገትና ቁልቁለቱን ይወጣል ይወርዳል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ እንስማማለን። እንዲያውም ሊሰፋ ይገባዋል። ክሪኩ ከማሰሪያው ወጥቶ ከወለሉ ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ የተሰበረ ባሌስትራ ይመስላል። ፖርቶ መጋላው ላይ ያለ ባዶ ጀሪካን፣ ከወንበር ሥር ያለ የጎማ መፍቻ፣ ኋላ በር ላይ የተንጠለጠለው ስኮርታ፣ የባትሪው ማሰሪያ፣ የኮፈኑ መቆለፊያ፤ እነዚህን በእጃችሁ ይዛችሁ ነቅንቁ። ምንም ወጪ የለውም። ከቻላችሁ ዕቃውን በሙሉ አውርዳችሁ መኪናውን በዚያው መንገድ ነድታችሁ ሞክሩት።

ጽሑፉ ግን ከዚህ ቀጥታ ወደ መቀየር ይዘላል። አንድ ትልቅ ነገር የጎደለው እዚህ ላይ ነው። እኔ መኪና ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደሚንኳኳ ነው። ሾፌሩ በደንብ ከመለሰልኝ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ ይንኳኳል? ነዳጅ ሲሰጠው በሆነ ዙር ላይ ዝርርር ብሎ ከዚያ ይጠፋል? እንግዲያው ጎማውንና ባሌስትራውን ለጊዜው ተዉት። ነገሩ ያለው ሞተሩ፣ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ፣ ወይም የጭስ ማውጫው መስመር ላይ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ካምቢዮ ተመልከቱ። ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው የሚጠረጠረው።

ሲሄድ ብቻ ከሆነ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ ትንሽ ፍጥነት አስይዛችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉት። ሞተሩን ግን አታጥፉ፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ድምፁ ከጎማው ጋር እየፈጠነ እየቀዘቀዘ ከቀጠለ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ወይም ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ። አስፋልት ላይ ጸጥ ብሎ ጉድጓድ ሲያገኝ ብቻ ኳ የሚል ከሆነ የእግር ነገር ነው፤ ባሌስትራ፣ ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ)፣ ሾክ፣ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ)። ሲነሳ ወይም ማርሽ ሲቀየር አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ክሮቸራ (የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ወይም ስታፋ አስቡ።

ሌላም ቀላል ሙከራ አለ። ኮረኮንቹ ላይ እየሄዳችሁ ሲንኳኳ ፍሬኑን በጣም በስሱ ንኩት። ድምፁ ወዲያው ቀጥ ካለ የፊት ፍሬን ሸራዎቹ ቤታቸው ውስጥ እየተጫወቱ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሸራ ሲቀየር ትንንሾቹ መያዣ ስፕሪንጎች ተረስተው ወይም «አያስፈልጉም» ተብለው መጣላቸው ነው። ጽሑፉ ስለ ፍሬን አንድም ቃል የለውም። በዚህ ድምፅ የተነሳ ግን ሾክ የተቀየረላቸው መኪናዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ሾኩ እንምጣ። ጸሐፊው «መንኳኳት ማለት ሾክ ማለት ነው፤ አራቱንም ባንዴ መቀየር ይሻላል» ይላሉ። ሾክ ሲደክም ዋናው ምልክቱ ድምፅ አይደለም። መኪናው ይዋልላል። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል። የሾኩ ገላ በዘይት ይርሳል፣ አቧራ ይለጥፋል። ከሾክ አካባቢ የሚሰማው ኳኳታ በአብዛኛው የሚመጣው ከላይና ከታች ከሚይዙት ጎሚኒዎች ወይም ከላላ ዳዶ ነው። አንድ ሰው መከላከያው ላይ ቆሞ መኪናውን ወደ ታች እየገፋ ያወዛውዝ። እናንተ ጣታችሁን ሾኩና መያዣው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አድርጉ። ጎሚኒው ካለቀ ጣታችሁ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮ የሚስተውን ጣት ያገኘዋል።

የጎሚኒ ዋጋና የአራት ሾክ ዋጋ አይገናኝም። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ የጠየቀ ሰው ይህን አያጣውም። ሾኩ ራሱ ውስጡ ተሰብሮ የሚንኳኳበት ጊዜም አለ፤ አልክድም። ያኔም የሚቀየረው የአንድ አክሱል ጥንድ ነው፤ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ። ደህና ሾክ አውጥቶ መጣል ምንም ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የቦል ጆይንቱ፣ በጣም ያስገረመኝ ነው። ሃርድቶፕ የፊት እግሩን የሚሸከም ቦል ጆይንት የለውም። ከፊት ያለው ሙሉ አክሱል ነው። ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ጉልበት ውስጥ ከላይና ከታች ኩሽኔታ አለ። ምክሩ ለአዲሱ ሂሉክስ ሊሠራ ይችላል፤ እሱ የፊት እግሮቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለሆነ ቦል ጆይንት አለው። ጸሐፊው ሁለቱን መኪናዎች ያቀላቀሏቸው ይመስለኛል። ችግሩ፣ ይህን አንብቦ ጋራዥ ሄዶ «ቦል ጆይንት ቀይሩልኝ» የሚል ሰው ስሙ ተመሳስሎ ቴስቲና (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ) ተቀይሮለት ይመለሳል። ድምፁ ግን እንዳለ ነው።

የሃርድቶፕ ፊት የሚመረመረው እንዲህ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ፊቱን በክሪክ አንሱና አክሱሉን በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አንዱን ግፉ፣ ሌላውን ሳቡ። ካልተነቃነቀ ጥሩ። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥና ድገሙት። ፍሬን ሲያዝ ጨዋታው ከጠፋ ያለቀው ወይም የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከተነቃነቀ የጉልበቱ ኩሽኔታ ነው። ቀጥሎ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። እዚህ ላይ ጨዋታ ካለ ቴስቲናዎቹን ተመልከቱ።

የጎማው ኩሽኔታ ላልቶ ከተገኘ መቀየር ላያስፈልገው ይችላል። ተፈትቶ ታጥቦ፣ ጤነኛ ከሆነ አዲስ ግራሶ ተሞልቶ ይስተካከላል። የሚይዘው ሁለት ዳዶና በመሃላቸው የሚታጠፍ የመቆለፊያ ላሜራ ነው። ትክክለኛው መፍቻ 54 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ጋራዥ ይህ መፍቻ ስለሌለው ዳዶውን በመሮና በመዶሻ እየመታ ያጠብቃል። ማዕዘኖቹ የተቀጠቀጡ ዳዶ ካያችሁ እንዲህ ተሠርቷል ማለት ነው። በመዶሻ የተመታ ዳዶ ልክ አይገባም፤ ሲጠብቅ ኩሽኔታው ይቃጠላል፣ ሲላላ ደግሞ ያው መንኳኳቱ ይመለሳል። ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት «54 ቁጥር አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ሃርድቶፖች ከፊት ያላቸው ሞላ ነው። አክሱሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዝ አንድ ረጅም ዘንግም አላቸው። የዚህ ዘንግ ጎሚኒ ሲያልቅ መሪ ሲዞር ከፊት ኳ ይላል። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ ያመላልሰው። እናንተ ከጎን ሆናችሁ የዘንጉን ጫፎች ተመልከቱ። ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ሲንሸራተት በዓይን ይታያል።

የማርሚታው ላሜራ ጉዳይ አጭር ነው። ነቅሎ መጣል ስህተት ነው። ላሜራው የተቀመጠው ሙቀቱ ወደ ወለሉ፣ ወደ ፍሬን ቱቦና ወደ ነዳጅ መስመር እንዳይደርስ ነው። ደረቅ ሣር ውስጥ ለሚቆም መኪና ደግሞ በጋለ ብረትና በሣሩ መካከል ያለው እሱ ነው። የሚንኮሻኮሸው ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በዝገት ስለሰፋ ነው። ሰፊ ራንዴላ ጨምራችሁ እሰሩት። ቀዳዳው ጨርሶ ከተበላ የራዲያተር ቱቦ የሚታሰርበትን ዓይነት የብረት ማሰሪያ በማርሚታውና በላሜራው ዙሪያ አጥብቁበት። ይኸው ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን አትንኩት።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ሁለት ምክር አለ። ሁለቱም አይሆኑም።

የተቃጠለ ዘይት ባሌስትራን ለአንድ ሳምንት ጸጥ ያደርገዋል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና በቅጠሎቹ መሃል እንደ ሞረድ ይፈጫል። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ያበሰብሳቸዋል። ከኋላ ያለው የከበሮ ፍሬን ስለሆነ ዘይቱ ወደዚያ ከተረጨ ሸራውን ያበላሸዋል። ደግሞም ባሌስትራ ቅጠል ከቅጠል ሲፋተግ ሲጥ ሲጥ ይላል እንጂ ኳ አይልም። ኳ የሚለው ጎሚኒው ሲያልቅ፣ ቅጠል ሲሰበር፣ ወይም ስታፋው ሲላላ ነው። ግራሶ መስጫ ካለው ፒን ላይ ግራሶ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አዘውትሩ።

ብየዳው ይባስ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ። ስታፋ አክሱሉን ከባሌስትራው ጋር አንቆ የሚይዝ ብረት ነው። ሲላላ ሸክሙ በሙሉ ቅጠሎቹን መሃል ላይ በሚሰፋው አንድ ቀጭን ቡሎን ላይ ይወድቃል። ያ ቡሎን ሲቆረጥ አክሱሉ ከቦታው ይንሸራተታል። መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል፤ ኋላው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ይህ በቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም።

ብየዳ ይህን አያድነውም። የባሌስትራ ብረት በሙቀት የተገራ ነው፤ ጥንካሬውም መተጣጠፉም ከዚያ የመጣ ነው። ብየዳ ሲነካው ያ ቦታ ይደርቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅጠሉ በዚያው መስመር ላይ ይሰበራል። ስታፋውም እንዲሁ። ባትሪ ሳይፈታ የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

ትክክለኛው ሥራ ከባድ አይደለም። ስታፋው የተሳበ ወይም ጥርሱ የተበላ ከሆነ አዲስ ስታፋ ከነዳዶው ይገዛል። መቀመጫው ከጭቃና ከዝገት ይጸዳል። የመሃሉ ቡሎን ጤነኛ መሆኑ ይታያል። ከዚያ አራቱ ዳዶዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰያፍ እየተፈራረቁ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። መኪናው በጎማው መሬት ላይ መቆም አለበት። የጎሚኒ ቡሎኖችም የመጨረሻ ጥብቀታቸው እንዲሁ መኪናው መሬት ላይ ሆኖ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ስታፋው እንደገና ይጠበቅ። በነጭ ቀለም ከዳዶው እስከ መቀመጫው አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበት። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። ሾፌሩ ጠዋት ዘይትና ውኃ ሲያይ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ መፍቻ እንኳ አያስፈልገውም።

የጎማ ዳዶዎችንም ጸሐፊው ረስተዋቸዋል። ጎሚስታ ጋ ከቆየ በኋላ ከአንድ ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ወዲያውኑ ቁሙ። ቤት እስክንደርስ አይባልም። ጎማ ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያው 50 እና 100 ኪሎ ሜትር መካከል ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ልማድ ይሁን።

ክሮቸራም ሰባቱ ውስጥ የለም። ለእኔ ይህ ትልቁ ክፍተት ነው። ኮረኮንች፣ አቧራና የወንዝ ውኃ የሚያገኘው መኪና ላይ ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን። ከሥር ገብታችሁ የክሮቸራውን አራት ቆቦች በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። በቆቡ ዙሪያ እንደ በርበሬ ዱቄት ደቃቅ ቀይ ዝገት ካያችሁ ውስጡ ግራሶ የለም፤ መርፌዎቹ እየተፈጩ ነው። ከዚያ ዘንጉን በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። በዲፈረንሻሉ ጥርሶች መካከል ትንሽ ጨዋታ መኖሩ ያለ ነው፤ አያስደንግጣችሁ። የምታዩት ቆቡና መያዣው አብረው መንቀሳቀሳቸውን ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከተከተለ ክሮቸራው አልቋል። ዘንጉ ሲፈታ ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረግበት። ዞሮ ከታሰረ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ሌላ ድምፅ ፍለጋ ልትጀምሩ ነው። ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ክሮቸራው ቢያንስ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ያግኝ። ወንዝ ውስጥ ካለፈ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን መጠበቅ የለም።

ወፍራም ዘይት የሚለው ስድስተኛው ምክር ያገለገለ መኪና ከሚሸጥ ሰው አፍ የወጣ ይመስላል። የላላ ሞተር ድምፁ ለሽያጭ ቀን እንዲደበቅ የሚደረግ ነገር ነው። ብዙው ሃርድቶፕ የሚሄደው 1ኤችዜድ በሚባለው 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር በተፈጥሮው ድምፅ አለው። ጠዋት ሲነሳ ለአፍታ አንኳክቶ ዝም የሚል ከሆነ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ነው። ዘይቱ ሲወፍር መድረሻው ይዘገያል፤ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ጊዜ ይረዝማል። ድምፁ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና ጭነት ሲበዛ ከባሰ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) ሊሆን ይችላል። ብሮንዚናም (ኮሎው የሚያርፍበት መደገፊያ) ሊሆን ይችላል፤ ኮሎ የሚባለው ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። የብሮንዚና ድምፅን በወፍራም ዘይት ሸፍኖ መንዳት ኮሎውን እስከማስበላት ያደርሳል።

ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ። ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው ራቁ። በ1ኤችዜድ ላይ ልምድ ያለው መካኒክ የኖዝል መስመሮቹን በየተራ ትንሽ እያላላ ድምፁ የሚለወጥበትን ሲሊንደር ያገኛል። ይህን ዲፎርዲ (D-4D) በሚባለው አዲሱ የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ላይ በጭራሽ እንዳትሞክሩት። እዚያ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ድምፁ ከሞተሩ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋውን ዕድሜ ጠይቁ። 1ኤችዜድ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ማወጠሪያ ኩሽኔታውም አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

የመጨረሻው ነጥብ «ድምፁ ከጠፋ ሥራው አለቀ» የሚለው ነው። ድምፅ በብዙ ምክንያት ይጠፋል። ዘይት ሲቀባ ይጠፋል። ዕቃ ሲጫን ይጠፋል፤ ሸክሙ የላላውን ስለሚያጣብቀው። ሲዘንብ ይጠፋል። መካኒኩ ምን እንዳገኘ በእጁ ሊያሳያችሁ ይገባል፤ የተበላውን ጎሚኒ፣ የሰፋውን ቀዳዳ፣ የደረቀውን ክሮቸራ። አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ። ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጭነት ነድታችሁ ሞክሩት። አስፋልት ላይ አንድ ዙር ተነድቶ «ይኸው ጠፋ» ከተባለ አትቀበሉ።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፤ የእኔ ምላሽ ያን ያህል ላይደርስ ይችላል። ሌላውን ቢተዉት እንኳ ስታፋን በብየዳ ስለማስያዝ የጻፉትን መስመር ያውጡልን። የወረዳ አምቡላንስ የሚነዳ ሾፌር ነገ ጠዋት አንብቦት በያጅ ቤት ሊሄድ ይችላል።